መልሕቁ ከመተከሉ በፊት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጉባኤያችንን በዱዓና በጸሎት የባረካችሁልን ሼኾችና አባቶች፣ ከባሕር ያልተመለሱ ወንድሞቻችን ቤተሰቦች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ደሴ ላይ የመርከብ መልሕቅ ተተክሎ ለባሕረኞቻችን መታሰቢያ ይሁን የሚለው የአባላት ሐሳብ ዛሬ ውሳኔያችሁን ይጠብቃል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ።

ደጋ ላይ መልሕቅ ምን ይሠራል የሚሉ አሉ። አሪዞና የተባለው የአሜሪካ ግዛትም የባሕር ዳርቻ የለውም። በስሙ የተሰየመው የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበር ላይ በጃፓን አውሮፕላኖች ተመትቶ ሲሰጥም 1,177 ሰዎች አለቁ፤ ከእርሱ የወጣውና ወደ 9 ቶን የሚመዝነው መልሕቅ ዛሬ የሚገኘው በረሃ መካከል ባለችው ዋና ከተማ በፊኒክስ ነው። ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ሚሌን አልፎ አሰብ በሚገባው መንገድ ልጆቹን ወደ ባሕር ይሸኝ የነበረው ወሎ ለመልሕቅ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄው የማን መልሕቅ የሚለው ነው። የባሕር ኃይላችን ግንባር ቀደም መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች ስትሆን፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሌሎቹ ወደቦቹን ለቀው ሲበተኑ እርሷም የመን ገብታ ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ ነገ አንድ ነጋዴ «የእርሷ ነው» እያለ ዝገት የበላው ብረት ቢያቀርብልን፣ ከየትኛው መርከብ፣ መቼና በማን እጅ እንደወጣ የሚያስረዳ ሰነድ እስካላሳየን ድረስ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ እንዳንገዛው አሳስባለሁ። መቅደላ ላይ ያለው ሴባስቶፖል የሚከበረው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ጋፋት ላይ መቀለጡን፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ አምባው መውጣቱን፣ በ1860 ዓ.ም. የሆነውንም ስለምናውቅ ነው።

እውነተኛው ቢገኝ እንኳ አምጥቶ መትከል አይበቃም። ባሕር ውስጥ ዘመናት የቆየ ብረት ጨው ጠጥቷል፤ ሳይታከም አየር ላይ ከደረቀ ይሰነጠቅና ልጡ እየተነሣ ይረግፋል። ባለሙያዎች በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ውስጥ ነክረው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል እያሳለፉ፣ ውኃውንም እየለወጡ ጨዉን ያወጡለታል፤ ለትልቅ መልሕቅ ይህ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ይታጠባል፣ ታኒን በሚባል ዝገት በሚከላከል ውሕድ ይቀባል፣ በሰም ይሸፈናል። የደሴን ክረምት ለምታውቁ ከዚያም በኋላ በየጊዜው ጥበቃ እንደሚሻ መንገር አያስፈልገኝም። የኮሚቴው የወጪ ግምት ግን ማጓጓዣውንና የመትከያውን ሲሚንቶ ብቻ ይዞ ነው የቀረበው፤ ይታረም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የስሞቹ ነገር ነው። ፐርል ሃርበር ላይ ከሰመጠው መርከብ በላይ በተሠራው መታሰቢያ የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ በእብነ በረድ ተጽፏል። እኛ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ በተደረገው ውጊያ ያለቁትን የወሎ ልጆች ሁሉ በስም መዝግበን አልያዝንም። የሚያውቋቸው ጓዶች አርጅተዋል፤ እናቶቻቸውም እያለፉብን ነው። መልሕቁ ይቆይልን ቢባል ብረት ነውና ይቆያል፤ ምስክሮቹን ግን አቆይ ማለት አንችልም።

ስለሆነም የዘንድሮው በጀት ከወሎው ቦረና እስከ ራያ ቆቦ ድረስ እየተዞረ ስም፣ የትውልድ ቀዬ፣ የአገልግሎት ዘመንና ፎቶግራፍ ለሚሰበስብ ቡድን እንዲመደብ፣ የመልሕቁ ግዢም መዝገቡ በቤተሰቦች ፊት ተነብቦ እስኪጸድቅ ድረስ እንዲዘገይ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትቃወሙ ካላችሁ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በሚኖረው ውይይት ቅድሚያ የምሰጠው ለእናንተ ነው፤ ለአሁኑ የሒሳብ መርማሪያችን ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ እየጋበዝሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ።