ከተሳቢው ኋላ ሄዶ ማየት

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባለንብረቶች፣ አሽከርካሪዎችና ጭነት (ሎድ) የምታፈላልጉልን ዲስፓቸሮች፣ እንደምን አመሻችሁ። በረዶው ከመጀመሩ በፊት ስለ ጎማ ሰንሰለት፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ተሳቢ መብራት እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። ስለ ሰንሰለቱ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ እዚህ ተቀምጠዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የፍሬን መብራት ስለሆነ ሰዓቴን ለእሱ እንድሰጥ ፍቀዱልኝ።

ባለፈው የካቲት ከዋዮሚንግዋ ሻየን ጭኜ ወደ ኮሎራዶዋ ግራንድ ጀንክሽን ልነሳ ስል፣ የተሳቢው ሴንሰር ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ የፍሬን መብራቱ መስመር ኤሌክትሪክ አይስብም ይላል። ለድርጅቱ አስታወቅሁ፣ የግቢው መካኒክም መጥቶ የኬብሉን ፕላግ አጸዳ፣ ወደ ኋላ ዞሮ አየና «ቀይ እየበራ ነው፣ ጨርሻለሁ» ብሎ በታብሌቱ ላይ «ተጠግኗል» የሚለውን ተጫነ። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ የእኔም ስክሪን አረንጓዴ ሆነ። እኔም ወርጄ ሳላይ ፈረምኩ።

በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያለውን የአይዘንሃወርን የመኪና ዋሻ ታውቁታላችሁ። ከ11,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርዱ ፍሬኑ ለከዳው መኪና የተሠራውን ማምለጫ በስተቀኝ እያያችሁ ነው የምትወርዱት። መሽቷል፣ በረዶ ያካፋል። ሞተር ፍሬኑን ይዤ፣ አልፎ አልፎም ፔዳሉን እየረገጥኩ ወረድኩ። ሲልቨርቶርን ነዳጅ ማደያ ስገባ አንዲት ትንሽ መኪና ተከትላኝ ገብታ ቆመች። የወረደችው እናት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል። «ፍሬን መያዝህን የማውቀው ተሳቢህ ፊቴ ላይ ሲደርስ ብቻ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ልገባብህ ነበር» አለችኝ። ከተሳቢው ኋላ እንድትቆምልኝ ለመንኳት፤ እኔ ጋቢና ገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። በመስታወት አየኋት፣ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ደግሜ ረገጥኩ፣ ደግማ ነቀነቀች።

የተሳቢውን ሶኬት ፈትቼ ሳየው ቀዩ ሽቦ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚረጩት ማግኒዚየም ክሎራይድ በልቶታል። ታዲያ መካኒኩ ያየው ቀይ ምን ነበር? በአንዱ መብራት ውስጥ ሁለት መስመር አለ፤ ለሌሊት የሚበራው በቡናማው ሽቦ፣ የፍሬኑ ደግሞ በቀዩ ይመጣል። መካኒኩ ያየው የሌሊቱን ነው። ፔዳሉን የረገጠለት ሰው አልነበረምና ድምቀቱ ሲለወጥ ሊያይ አይችልም ነበር። ሴንሰሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ እውነቱን የነገረንን መሣሪያ በአንድ ጣት ዝም ያሰኘነው እኛ ነን።

ደንቡ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጭነት መኪና ደህንነት ደንብ ቁጥር 393.9 መሠረት መብራቶች ሁልጊዜ መሥራት የሚችሉ መሆን አለባቸው። በ396.11 መሠረት ጉድለት የተመዘገበበት ተሳቢ ዳግም ከመንቀሳቀሱ በፊት ድርጅቱ መጠገኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ በ396.13 ደግሞ ሾፌሩ ያንን አይቶ ይፈርማል። ሁለት ፊርማ የተፈለገው ሁለት ሰው እንዲያይ ነው! ባለንብረቶች፣ በግልጽ ልናገር፦ ከተሳቢው ኋላ ሳይቆም «ተጠግኗል» ብሎ የሚዘጋ መካኒክ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ የምትከፍሉት ለውሸት ነው። ሾፌሩን «አሥር ደቂቃ አስቆየኸኝ» ብላችሁ የምትቆጡ ዲስፓቸሮችም ያቺን እናት በዓይነ ሕሊናችሁ እዩልኝ። 80,000 ፓውንድ በሚመዝን መኪና ኋላ የሚነዳ ሰው ከእኛ የሚያገኘው መልእክት ያ ቀይ ብርሃን ብቻ ነው።

ከእንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ማስጠንቀቂያው ተሳቢው ከመኪናው ተነጥሎ ሳለ አይዘጋ፤ ኬብሉ ተሰክቶ፣ የሌሊቱ መብራት በርቶ፣ አንዱ ፔዳል ረግጦ ሌላው ከኋላ ቆሞ የግራውም የቀኙም ሲደምቅ ይይ። ብቻውን ያለ ሾፌር በምሽት ተሳቢውን ወደ ነጭ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ፔዳሉን እየረገጠ ነጸብራቁን በመስታወት ማየት ይችላል። ኬብሉንም በእጃችሁ ነቅንቁት፣ የተበላ ሽቦ መኪናው ቆሞ ሳለ ሠርቶ መንገድ ላይ ይከዳልና። ከተቻለ ጥቂት ማይል ነድታችሁ ዳግም እዩ። የጥገናውን ፎቶ ከሪፖርቱ ጋር ማስቀመጥ በኢንሹራንስ ክርክር ጊዜም ይጠቅማል፤ ስለ ኢንሹራንስ የምለው ይኸው ነው።

ያንን ሶኬት አልጣልኩትም። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትወጡ አንስታችሁ ቀዩን ሽቦ እዩት። የእኔ መኪና ከተሳቢው ጋር ከግቢው ጀርባ ቆሟል፣ መቆለፊያውም ክፍት ነው፤ ከእራት በኋላ ፔዳል የሚረግጥልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።