የሙሽራዋን ፊት ተዉላት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ደግሞ ዛሬ ሥልጠናችሁን የጨረሳችሁ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

አዘጋጆቹ ሐዋሳ ውስጥ ስላለው የፎቶ ሥራ ገበያ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። ጉዳዩ ስለ ማስክ ብራሽ ነው።

ወላጆች ግር እንዳይላችሁ ላስረዳ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው። ሙሉ ፎቶውን ሳትነኩ የፈለጋችሁትን ቦታ ብቻ ትቀባላችሁ። የተቀባው ቦታ ብቻ ይበራል፣ ይጨልማል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ላይትሩም ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሐሳቡ ግን ከኮምፒውተር በፊት ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ያተሙ አንጋፋዎች በመዳፋቸው ብርሃኑን እየከለሉ የጨለመ ፊት ያወጡ ነበር።

ደግ መሣሪያ ነው። እኛ ግን ምን ሠራንበት?

አንድ አባት ሱቄ መጡ። በፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ የሰርግ አልበም ይዘዋል። እኔ የሠራሁት አይደለም፤ የት እንደተሠራም አልናገርም። ባንኮኒው ላይ ዘረጉትና ዝም አሉ። «ምን ልታዘዝ አባባ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን የሙሽራዋ ጆሮ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ጆሮ የልጄ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጉንጯ ወሰዱት። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

አየሁት። ፊቷ ነጥቷል። ጆሮዋ፣ አንገቷ፣ ቀለበት ያጠለቀው እጇ ጠይም ነው። ብራሹ የቆመበት መስመር መንጋጋዋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከግንባሯ በላይ ብራሹ ያመለጣቸው የጸጉሯ ጫፎች አመድማ ሆነዋል። ገጹን ገለጡት። እናትየዋ ናቸው። እሳቸውም ነጥተዋል። «ባለቤቴ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። እሱንም ወሰዱባት» አሉኝ።

«ይመለስ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እናንተ ተምራችኋል፣ መልሱን ታውቁታላችሁ። ላይትሩም ዋናውን ፎቶ አይነካውም። ማስክ ማለት ከፎቶው ጋር የተቀመጠ ትእዛዝ ነው፤ ስታጠፉት ፎቶው እንደነበረ ይመለሳል። ዋናው ፋይል እስካለ ድረስ! አልበሙን ወደ ሠሩት ሰዎች ደወልን። ሃርድ ዲስክ ሞልቶብን አጥፍተነዋል ተባለ። የቀረው ለኅትመት የወጣው ጄፔግ፣ ተሠርቶ ያለቀው ቅጂ ብቻ ነው። እሱ ላይ ደግሞ የነጣው ፊት ከፎቶው ጋር አንድ ሆኗል። አባትየው አልበሙን መልሰው ጠቀለሉት። «የአንድ ቀን ነገር ነበር» ብለውኝ ወጡ።

ወገኖቼ፣ ጠይም ፊት የሚታረም ስህተት ነው ያለን ማነው? ያቺ ልጅ ተውባ፣ ተኩላ፣ በዘመድ ተከባ ነው የመጣችው። ፊቷን እንድንቀይርላት አልቀጠረችንም!

«ደንበኛው ነው ጥርት አድርግልኝ የሚለው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይላል። እኔ ግን ሁለት ፎቶ ሠርቼ ጎን ለጎን አሳያለሁ። አንዱ የነጣ፣ አንዱ በደንብ የበራ። ሁለቱን አይተው የነጣውን የሚመርጡ ጥቂት ናቸው። ደንበኛው የሚጠይቀው ያየውን ነው። ያሳየነው እኛ ነን።

ነገሩ ከእኛ ባይጀምርም ከእኛ ጋር መቀጠል የለበትም። የኮዳክ ፊልም ዘመን የማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የእኛ ዓይነት ቆዳ በዚያ ልክ ሲታተም ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሎ፣ ፊታችንን በደንብ ማየት ችሎ፣ እኛው በእጃችን ልናጠፋው ነው?

የከተማችንን ብርሃን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ሙሽሮችን ማታ ፍቅር ሐይቅ ወይም አሞራ ገደል ወስደን ውኃውን ጀርባቸው ስናደርግ ፀሐይዋም ከጀርባቸው ናት። ፊት ይጨልማል። በዚያ ላይ የሀበሻ ቀሚስ አለ። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ትዕይንቱ በጣም የበራ ይመስለውና ብርሃን ይቀንሳል። ፊት እንደገና ይጨልማል። ያጨለመው አቀራረጻችን ነው፣ ቆዳዋ ምንም አላጠፋም። እዚያው ሪፍሌክተር፣ ብርሃን ወደ ፊቷ የሚመልሰውን ሰሌዳ ያዙላት፣ ወይም ጥበቡ ከልክ በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ሳይጠፋ ኤክስፖዠሩን፣ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን፣ ትንሽ ከፍ አድርጉ።

የቀረውን ብራሹ ይሠራዋል። የብራሹን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ፌዘር እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ፍሎው፣ ብራሹ በአንድ ጊዜ የሚቀባው መጠን፣ ሃያ፣ ሠላሳ ይበቃል፤ ደጋግማችሁ በስሱ እለፉበት። ኪቦርዱ ላይ ኦ የሚለውን ፊደል ስትነኩ የቀባችሁት ቦታ በቀይ ይታያችኋል፤ ያለዚያ በጭፍን ነው የምትሠሩት። ከቦታው ያለፈውን አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ አጥፉ። በብራሹ የምትጨምሩት ኤክስፖዠር ከግማሽ ስቶፕ (ስቶፕ የብርሃን መለኪያ ነው) አይለፍ። የቆዳን ዝርዝር የሚያወጣውን ቴክስቸር ወደ ታች አትጎትቱት፣ ቆዳ ቀዳዳ አለው። አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ እጇንም አብራችሁ ቀቡ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ሰው የሚለይ ማስክ የፊት ቆዳንና የሰውነት ቆዳን ለየብቻ ነው የሚያቀርበው። የቸኮለ ሰው ፊት የሚለውን ብቻ ይጫንና ያልፋል። የዚያ አባት ልጅ ላይ የሆነው ዓይነት ነገር በአንድ ክሊክ ይደርሳል። ሁለቱንም ምረጡ!

ስለ ሰማይም ልል ነበር፤ ሐይቃችንን እንደ ቀለም ቆርቆሮ ሰማያዊ የምታደርጉት ነገር። ሌላ ቀን።

ዋናውን ፋይል አታጥፉ። ስንት ጊዜ እንደምታቆዩ ውል ላይ ጻፉት።

ገበያውን በተመለከተ፣ ሥራ አለ። ሰርጉ አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ በፍቼ ጨምበላላ ጊዜ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ዋጋ እየሰበራችሁ እርስ በርስ አትጠፋፉ። ለአንድ ሰርግ መቶ ፎቶ በጥንቃቄ መሥራት ሺህ ፎቶ በአንድ ፕሪሴት፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ አንድ ዓይነት ማስተካከያ፣ ከመንዳት ይሻላል።

ላፕቶፕ የሌላችሁ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ኑ። ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንድ አንድ ያልተነካ ፎቶ በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ የጠይም ሰው ይሁን፣ ፀሐይ ከጀርባው ያለ። አብረን እንቀባዋለን።

አመሰግናለሁ።