ከሐውልቱ በፊት ስማቸው

የተከበራችሁ የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች፣ እናቶቻችን፣ የሐዋሳ ነዋሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ሐይቁ ለወሰደብን ዓሣ አጥማጆች ሐውልት ይቁም ተብሏል። እኔም እደግፋለሁ። ግን የማስቀድመው ነገር አለኝ።

አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ ግሎስተር የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ወደቧ ዳር አንድ የነሐስ ሰው ቆሟል። የዝናብ ልብሱን ለብሶ፣ የመርከቡን መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከባሕሩ አይነቅልም። ሌናርድ ክራስክ የሚባል ቀራጺ ሠርቶት በ1925 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ከሥሩ፣ በመርከብ ወደ ባሕር ስለሚወርዱት የሚናገር የመዝሙረ ዳዊት ቃል ተጽፎበታል። እኔን የሳበኝ ግን የስም ሰሌዳዎቹ ናቸው። 5,368 ስም! ሰሌዳዎቹ የተጨመሩት ደግሞ ሐውልቱ ከቆመ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ለሚስቶቻቸውም ሌላ ሐውልት ቆመ፤ ልጆቿን ይዛ ባሕሩን የምታይ ሴት። እሷም ዘግይታ ነው የታሰበችው።

እኛ ለምን 70 ዓመት እንጠብቃለን? የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

ሐይቃችን ውቅያኖስ አይደለም። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ላየው ማዶው ይታያል። ጥልቀቱም ቢበዛ 20 ሜትር ገደማ ነው። ያዘናጋንም ይኸው ነው። ማታ መረብ ጥሎ ንጋት ላይ ሊያነሳ የሚወጣ ሰው ግን ንፋስ ሲነሳ ውኃው እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ጉማሬውንም ያውቃል። እኛ ጠዋት መጥተን ቆሮሶ ዓሣ ስናስበልት፣ ትኩስ ሾርባ ስንጠጣ፣ ይሄ ትዝ አይለንም።

አንድ ልማድ አለብን። የመራቂውን ባለሥልጣን ስም በትልቁ እንጽፋለን፤ የሞተውን ግን «ዓሣ አጥማጆች» ብለን በጅምላ እናልፋለን። እባካችሁ፣ እዚህ አይደገም።

ብር ከተዋጣ ደግሞ መጀመሪያ ላይፍ ጃኬት ይገዛ። በየጀልባው፣ ለያንዳንዱ ሰው። ነሐሱ ይቆየን፤ ስሙን ለጊዜው ድንጋይ ላይ መጻፍም ይቻላል።

የሞቱብንን ስም የምንጽፍበት መዝገብ ዛሬ ይከፈታል። ጠረጴዛው እዚያ ዛፉ ሥር ነው። ቅጽል ስሙንም አስጽፉ፤ እዚህ ዳር በመታወቂያ ስሙ የሚጠራ ማን አለ? ወጥቶ የቀረበትን ዓመት በትክክል ባታውቁትም ችግር የለም፣ አብረውት የሠሩት ይሞሉታል። ፎቶ ያላችሁ ነገ አምጡ። እናቶች፣ እናንተ ቅደሙ።