ውሃ በኪሎ አንሸጥም፦ የጠቅላላ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

እንኳን ወደ ካርቶንና ወረቀት ሰብሳቢዎች ማህበራችን ጉባኤ በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ከወረዳ ለመጡ እንግዶች፣ ከማለዳ ጀምረው ቡና ላፈሉልን እናቶች ምስጋናዬ ይድረስ። ሰላምታ አላበዛም፤ አብዛኞቻችሁ ጋሪያችሁን አቁማችሁ ነው የመጣችሁት።

ዓመቱ ክፉ አልነበረም። የካርቶን መጭመቂያውን ዕዳ ጨርሰናል። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ካሉ ማተሚያ ቤቶች ቁርጥራጭ ወረቀት መውሰድ ጀምረናል። የመርካቶው ካርቶንም አልተቋረጠም። «ቆራሌው!» እያልን በየሰፈሩ የዞርን ሰዎች ዛሬ ከፋብሪካ ጋር ውል እንፈራረማለን፤ በዚህ እኮራለሁ። የቀረውን ጸሐፊያችን ታነብላችኋለች።

እኔ የማወራው ስለ ውሃ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ያናቆረን ኪሎ እንዲጨምር ካርቶን ላይ ውሃ እየረጩ ወደ ሚዛን ማምጣት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ መታው ተባለ፣ አለፍነው። ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወር፣ ከመሃሉ ውሃ የሚንጠባጠብ የካርቶን እስር ሲመጣ ግን ምን እንበል? ፋብሪካው ጭነቱን ሲፈታ መሃሉ ጠቁሮ ሻግቶ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከሁላችንም ኪሎ ይቀንሳል። ካርቶኗን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ፕላስተሩን ልጣ፣ አጣጥፋ ያመጣችው እናት ከሚረጨው ሰውዬ እኩል ተቆረጠባት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

አንዳንዱ «ፋብሪካው ራሱ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አይደል የሚፈጨው?» ይለኛል። አዎ፣ ይዘፈዝፋል። ግን እዚያው አቡክቶ፣ ጨምቆ፣ አድርቆ ወረቀት ያወጣዋል። እኛ ጋ መኪና እስኪሞላ ድረስ ታፍኖ ይከርማል። በካርቶኑ መሃል ያለውን ሞገድ መሰል ወረቀት ከሁለቱ ገጽ ጋር የያዘው ሙጫ ደግሞ ከስታርች የሚሠራ ነው፤ ከረጠበ እንደ ከረመ እንጀራ ይሻግታል፣ ሻጋታውም ጎረቤቱ ወዳለው ደረቅ እስር ይሻገራል። የወረቀት ክር በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ ተመልሶ ወረቀት የሚሆነው ከ5 እስከ 7 ጊዜ ቢሆን ነው። እኛ ገና በመጀመሪያው እናበሰብሰዋለን።

የተመለሰብን ካርቶን የት ይሄዳል? ቆሻሻ ክምር ላይ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አለቀ፤ እዚያው ለቅመው የሚያድሩ ወገኖቻችንም ነበሩበት። ያ ክምር ላይ አንዲት ካርቶን መጨመር አልፈልግም።

ሌላም አለ። ነጩን የቢሮ ወረቀት ለደላላ፣ እርጥቡን ካርቶን ለማህበሩ የምታመጡ አላችሁ። ደላላ እጅ በእጅ ይከፍላል፣ እኛ ፋብሪካው እስኪከፍለን እናቆያችኋለን፤ የቤት ኪራይ እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። ለዚህ ከመጠባበቂያ ገንዘባችን ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርበናል። ግን ገንዘቡ የሚበቃው ነጩ ወረቀት ወደ ማህበሩ ከገባ ብቻ ነው።

ዛሬ ያልመጣችሁት ደግሞ፣ ይሄ ንግግር ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስለሚደርሳችሁ ስሙኝ። ትርፍ ሲከፈል አንድም ሰው አልቀረም ነበር። የእርጥቡ ካርቶን ጉዳይ አጀንዳ መሆኑ ሲነገር ግን ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ቅር ብሎኛል። የምትከራከሩበት ነገር ካላችሁ እዚህ መጥታችሁ ፊት ለፊት ንገሩኝ እንጂ ሚዛን ጋ ከተቀመጠችው ልጅ ጋር አትጣሉ፤ እሷ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው።

የቀረበው ደንብ አጭር ነው። እያንዳንዱ እስር ከመመዘኑ በፊት ይፈታል፣ መሃሉ በእጅ ይዳሰሳል። እርጥብ ከሆነ ሳይመዘን ለባለቤቱ ይመለሳል፤ አድርቆ ያምጣው። ዝናብ ለመታው ሰው ማስጫ ቦታ መጋዘኑ በረንዳ ላይ እናዘጋጃለን። የደረቀውን ስንጭን የእያንዳንዱ ሰው ስም እስሩ ላይ ይጻፋል፣ ፋብሪካው የሚቀንሰውም ከዚያው ሰው ላይ ብቻ ይሆናል።

ተወያዩበት፣ ተከራከሩበት። እጅ የምናወጣው ከምሳ በፊት ነው።