ግጥሙም ዜማውም የማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ! ጊታራችሁን ተሸክማችሁ የመጣችሁትም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዛችሁ የተቀመጣችሁትም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለጋበዛችሁኝ አዘጋጆችም ከልብ አመሰግናለሁ።

የተጠየቅኩት በግሉ የሚሠራ የብሉዝ ሮክ ሙዚቀኛና ጸሐፊ እንዴት እንደሚኖር እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ አንድ ጉዳይ አለ። የሠራችሁት ሥራ የማን ነው?

አርተር ክሩዳፕ የአሜሪካዋ የሚሲሲፒ ግዛት ልጅ ነበር። ብሉዝ ይዘፍናል፣ ጊታር ይጫወታል። "ቢግ ቦይ" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሮክ ኮከቡ ኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን ሲያወጣ የዘፈነው የክሩዳፕን ዘፈን ነበር። ዘፈኑ ዓለምን አዳረሰ። የዘፈኑ ደራሲ ግን በሰው እርሻ ላይ እየለፋ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። የሚገባውን ክፍያ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ1974 አረፈ። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውየው ችሎታ አላነሰውም። አድማጭም አላጣም። መብቱ የተያዘው በሌላ ሰው እጅ ነበር።

ዊሊ ዲክሰንም አለ። ለቺካጎው ሸክላ አሳታሚ ለቼስ ሪከርድስ ባስ እየተጫወተ ለብሉዝ ዘፋኞቹ ለእነ መዲ ዋተርስና ለእነ ሃውሊን ዎልፍ ዘፈን የጻፈው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዘፈኔን ወስዷል ብሎ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን ላይ ክስ መሠረተ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ዲክሰን በዚህ አላበቃም፤ ሌሎች የብሉዝ ሙዚቀኞች መብታቸውን እንዲያስከብሩ የሚረዳ "ብሉዝ ሄቨን" የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ዛሬ የሚገኘው በድሮው የቼስ ሪከርድስ ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔን ከባሱም ከድምፁም በላይ የሚገርመኝ ይህ ሥራው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጋሽ አምሃ እሸቴን እናገኛለን። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ጋሽ አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሳቸውን አምሃ ሪከርድስ አቋቁመው ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ሊታሰሩ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። ዛሬ ፈረንጅ ሁሉ "ወርቃማው ዘመን" እያለ ከሚሰበስበው ሙዚቃ ብዙው በእርሳቸው በኩል የወጣ ነው። ስለዚህ በግል መሥራት ከውጭ የተቀዳ ፋሽን ነው የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

"ለመሆኑ ለምን ብሉዝ?" ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጊታራችሁን ያዙና ሞክሩት። የእኛው ቅኝት ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ከላ ጀምራችሁ ምቷቸው፤ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። የብሉዝ ጊታር ተማሪ ገና ከጅምሩ የሚለማመደው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ኖታ ስኬል ይኸው ነው። ልዩነቱ ማረፊያው ላይ ነው። በዚያ ላይ ብሉዝ ተጫዋቹ ዶ ላይ ሲደርስ ክሩን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግማሽ ቶን ግን አይሞላም። ያቺ መሀል ላይ የተንጠለጠለች ድምፅ ናት አንጀት የምትበላው። ይህን ስል ብሉዝ የእኛ ነው ማለቴ አይደለም። ብሉዝ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ የለፉ ጥቁር አሜሪካውያን ሀብት ነው። በእንግድነት ነው የምንገባበት፤ ስማቸውንም ጠርተን ነው መግባት ያለብን።

ግጥሙ ግን በአማርኛ ይምጣ። የተለመደው የብሉዝ አወቃቀር 12 ባር፣ ማለትም 12 እኩል የምት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ሁለቴ ይዘፈናል፣ ሦስተኛው መልስ ይሰጣል። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ አዝማሪውም ስንኙን ይደግምና የሚቀጥለውን በሆዱ ያበስላል። አንድ ከራሴ ልንገራችሁ፦

ዝናቡ አቆመ፣ ጣራው ግን ያለቅሳል፤
ዝናቡ አቆመ፣ ጣራው ግን ያለቅሳል፤
የሄደ ሰው ድምፁ ሌሊት ይመለሳል።

የእኛው የግጥም ምት፣ ወል ቤት ነው። አንድም ቃል ሳላጣምም 12 ባሩ ውስጥ ገባልኝ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግሥ ስለሚዘጋ ቤት ለመምታት ይመቻል። ለዚህ ነው ሙዚቀኛ ሁሉ ይጻፍ የምለው። ጣት ሊደክም ይችላል፣ ባንድም ይፈርሳል፤ የጻፋችሁት ግን ስማችሁን ይዞ ይኖራል።

ኑሮውስ? ኑሮው ከባድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሆቴል ውስጥ የሰው ዘፈን እንጫወታለን። በአዘቦት ቀን ልጆች ጊታር አስተምራለሁ፣ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አዲስ ክር ሲወደድ አሮጌውን አውልቄ ውሃ ውስጥ እቀቅለዋለሁ። ላቡና ቆሻሻው ሲለቅለት ወፍራሞቹ ክሮች ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራሉ። ቀረጻ ስንጀምር መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተር ካስነሳን ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል። ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ የቲዩብ አምፑ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያው፣ ድምፅ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ስታቢላይዘር ግዙ። ቀብድ ሳትቀበሉም ለማንም ቀን አትያዙ፤ ጓደኛችሁ ቢሆንም።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው የሥራ ባለቤትነት ሲጠፋ ነው። መጀመሪያ የተጫወትኩበት ባንድ ሲፈርስ ምርጥ ዘፈኖቻችን መሀል ሜዳ ቀሩ። ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን፤ ማን ምን እንዳዋጣ የሚል ወረቀት ግን የለም። ማንም ክፉ አልነበረም። ዛሬም ድረስ እነዚያን ዘፈኖች ማንኛችንም ማሳተም አልቻልንም። እናቶቻችን በቃላቸው የሚያውቋቸው ዘፈኖች ናቸው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥሙንም የዜማውንም ደራሲ ያውቃል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ልጆቻችሁ ይወርሱታል ማለት ነው። ግን ሕግ ማስረጃ ይፈልጋል። ልምምድ ቤት ውስጥ የዋልነው ቀን፣ ሻይ እየጠጣን ያልነው ነገር ማስረጃ አይሆንም። በስልክም ቢሆን ቅረጹት። ጽፋችሁ ቀን አድርጉበት። አሳታሚ ወይም ስቱዲዮ ውል ሲያቀርብላችሁ "ሙሉ በሙሉ" የሚል ቃል ካያችሁ እዚያው አትፈርሙ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። ለአንድ ጊዜ ብር ብላችሁ የልጆቻችሁን 50 ዓመት አትሽጡ።

እዚህ ያላችሁ የስቱዲዮ ባለቤቶችና ታላላቆቻችን፣ እናንተንም አደራ እላለሁ። ልጆች ሊቀርጹ ሲመጡ መቅረጫው ከመከፈቱ በፊት ማን ምን እንደሠራ ጠይቋቸው። እናንተ ከጠየቃችሁ አያፍሩም።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ለሁላችሁም የሚበቃ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚሉ ሦስት ረድፎች አሉት፤ ከታች ቀንና ፊርማ። አንድ አንድ ውሰዱ። ከጓደኞቻችሁ ጋር በቅርብ የሠራችሁትን ዘፈን ዛሬ ማታ ጻፉበትና፣ ነገ ልምምድ ላይ ስትገናኙ ጊታር ሳታነሱ በፊት አስፈርሟቸው።