ሁለት ነው ወይስ አንድ? በአርሰናል ደጋፊዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ እንዲሁም ሌሊቱን ተጉዛችሁ ከክልል ከተሞች የደረሳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ጸሐፊያችን ስለሚያነቡት እኔ ወደዚያ አልገባም። የምናገረው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውን ሦስት ስብሰባ ሙሉ ስላጨቃጨቀው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ለአባላት በምናሳትመው መጽሔት የጀርባ ሽፋን ላይ አርሰናል በአውሮፓ መድረክ ያነሣቸው ዋንጫዎች ቍጥር እንዲሰፍር ተወስኖ ነበር፤ ነገር ግን ቍጥሩ ሁለት ነው በሚሉትና አንድ ነው በሚሉት መካከል መስማማት ስላልተቻለ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ ሆኗል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ክርክሩን ያስነሣው በ1970 የተገኘው ፌርስ ካፕ ነው። ይህ ውድድር በ1955 ሲቋቋም ዓለም አቀፍ የንግድ ትርዒት ለሚያዘጋጁ ከተሞች የታሰበ ነበር፤ እኛ ኤግዚቢሽን ማዕከል ሄደን የምናየው ዓይነት ባዛር የኳስ ውድድር ወለደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ከክለቦች ጎን ለጎን ከአንድ ከተማ የተውጣጡ ቡድኖችም ይጫወቱ ስለነበር፣ የለንደን ምርጥ ቡድን እስከ ፍጻሜ ደርሶ በ1958 በባርሴሎና ተሸንፏል፤ ውድድሩ ተጀምሮ እስኪያልቅም ሦስት ዓመት ፈጅቷል። አዘጋጁ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ስላልነበረ ማኅበሩ እስከ ዛሬ ፌርስ ካፕን ከራሱ ውድድሮች ጋር አይቈጥረውም። በ1971 ውድድሩ ቀርቶ የዩኤፋ ዋንጫ ተተካ። እንግዲህ «አንድ ነው» የሚሉት አባሎቻችን ማስረጃ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ ደንብ ይዘው ነው የሚከራከሩት።

እኔ ግን ዋንጫው በማን ላይ እንደተገኘ እንድናይ እፈልጋለሁ። አርሰናል አውሮፓን የተዋወቀው በዚሁ ፌርስ ካፕ ሲሆን፣ በ1963 የኮፐንሃገንን ምርጥ ቡድን እዚያው አገሩ ሄዶ 7 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በመልሱ ጨዋታ በገዛ ሜዳው 3 ለ 2 ተረታ፤ በሚቀጥለውም ዙር በቤልጅጉ ሊዬዥ ተሸንፎ ወጣ። ክለባችን ደጋፊውን ማስጨነቅ የጀመረው ትናንት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1970 ግን በግማሽ ፍጻሜው የገጠመው አያክስን ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት የአውሮፓ ዋንጫ (የዛሬው ቻምፒየንስ ሊግ) ፍጻሜ የደረሰውን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መውሰድ የጀመረውን አያክስ በያኔው ሜዳው በሃይበሪ 3 ለ 0 አሸነፈ፤ አምስተርዳም ላይ የተሸነፈው በአንድ ግብ ብቻ ስለሆነ አለፈ።

የፍጻሜው ተጋጣሚ አንደርሌክት ነበር። ፍጻሜው በደርሶ መልስ የሚደረግ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ጨዋታ አርሰናል ብራስልስ ላይ 3 ለ 0 እየተመራ ሳለ፣ ተቀይሮ የገባው የ18 ዓመቱ ሬይ ኬኔዲ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንድ ግብ አስቈጠረ። ያች ግብ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር። ኤፕሪል 28 ቀን ሃይበሪ ላይ በኤዲ ኬሊ፣ በጆን ራድፎርድና በጆን ሳሜልስ ግቦች 3 ለ 0 ተጠናቀቀና የአሠልጣኝ በርቲ ሚ ቡድን በድምር ውጤት 4 ለ 3 ዋንጫውን አነሣ። ክለቡ ከ1953 ጀምሮ ለ17 ዓመት ምንም ዋንጫ አላየም ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የሊጉንና የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ ደርቦ ወሰደ። ደንቡ የሚለው ሌላ፣ ለክለቡ የሆነለት ሌላ ነው።

ስለ ሁለተኛው ዋንጫ በመካከላችን ልዩነት የለም። በ1994 የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ የተጋጠምነው የዋንጫው ባለቤት ከነበረው፣ ዞላን፣ ብሮሊንንና አስፕሪያን ካሰለፈው ፓርማ ጋር ሲሆን፣ የእኛ ዋና አጥቂ ኢያን ራይት በቅጣት ምክንያት ከሜዳ ውጭ ነበር። አለን ስሚዝ በ20ኛው ደቂቃ አገባ፤ ብሮሊን የመታት ኳስ ከግቡ ቋሚ ጋር ተጋጭታ ወጣች፤ የቀረውን ሰዓት ዲክሰን፣ አዳምስ፣ ቦልድና ዊንተርበርን ዘጉት። በግማሽ ፍጻሜ ፓሪስ ሴንት ዠርመንን፣ በሩብ ፍጻሜ ቶሪኖን የጣልናቸውም በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 በማሸነፍ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን ነገር ልናገር። እኛ የዚህ አገር ደጋፊዎች አርሰናልን የወደድነው በአብዛኛው በአርሰን ቬንገር ዘመን፣ በሄንሪና በበርግካምፕ ኳስ ስለሆነ፣ ታላቅነቱን ሁሉ ከማጥቃት ጋር እናያይዘዋለን። የአውሮፓ ታሪኩ ግን የሚመሰክረው ለተከላካዮቹ ነው። ያ ውብ ኳስ ሚላን ላይ በኖቬምበር 2003 ኢንተርን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ አይተናል፤ በሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ግን በዚሁ ኢንተር በሜዳችን 3 ለ 0 ተሸንፈን ነበር፤ በዚያው ዓመትም በሩብ ፍጻሜው ቼልሲ አስወጣን። ቡድኑ ለታላቁ ዋንጫ፣ ለቻምፒየንስ ሊግ፣ በዚያ ዘመን ከሁሉም የቀረበው በ2006፣ ከሊጉ አራተኛ ሆኖ በጨረሰበት ዓመት፣ በኢቡዌ፣ በኮሎ ቱሬ፣ በሴንዴሮስና ከአማካይ ተስቦ በመጣው ፍላሚኒ የኋላ መስመር ነው። በ10 ተከታታይ ጨዋታዎች ግብ አልተቈጠረበትም። ሄንሪ ብቻውን አራት ሰው አልፎ በሪያል ማድሪድ ሜዳ በርናቤው ላይ ያስቈጠራት ግብ ትነገራለች፤ ግብ ጠባቂው ሌማን በቪያሪያል ሜዳ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሪኬልሜን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነባት ቅጽበት ግን ለእኔ ከእርሷ አታንስም።

ከባርሴሎና ጋር የተደረገውን የፓሪሱን ፍጻሜ እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን አይተነዋል። እኔ ፒያሳ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጡ ሞልቶ በር ላይ በእግር ጣቴ ቆሜ ነበር ያየሁት። ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ሶል ካምቤል በ37ኛው በጭንቅላት ሲያገባ፣ ኤቶና ቤሌቲ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ዋንጫውን ሲወስዱብን ከበሩ አልተነቃነቅኩም። ሮበርት ፒሬስ ለግብ ጠባቂ ቦታ ለመልቀቅ ሲወጣ የነበረው ፊቱ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

የተሸነፍንባቸውን ፍጻሜዎች መደበቅ አያስፈልግም። በ1980 ሳንሸነፍ ፍጻሜ ደርሰን፣ ቱሪን ላይ በፖል ቬሰን የመጨረሻ ደቂቃዎች ግብ ጁቬንቱስን ጥለን፣ ከቫሌንሲያ ጋር ያለ ግብ ተለያይተን በመለያ ምት ተረታን፤ የሳቱት ሊያም ብሬዲና ግራሃም ሪክስ ነበሩ። በ1995 የሳራጎሳው ናይም፣ የቀድሞው የቶተንሃም ተጫዋች፣ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ከአርባ ሜትር ግድም ግብ ጠባቂያችንን ሲመንን አሳልፎ ያገባት ኳስ ዛሬም በቶተንሃም ደጋፊዎች ይዘመርባታል። በ2000 ጋላታሳራይ በተጨማሪው ሰዓት ሃጂ በቀይ ካርድ ወጥቶበት በዐሥር ሰው ቢጫወትም ማግባት አቅቶን በመለያ ምት 4 ለ 1 ተሸነፍን። የ2019ኙን የባኩ ፍጻሜ በዝርዝር መናገር አልፈልግም፤ ቼልሲ 4፣ አርሰናል 1። ከ1998 እስከ 2017 በተከታታይ 19 ዓመት ቻምፒየንስ ሊግ መሳተፋችን የሚያኰራ ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት ሁሉ ከ16ቱ ቡድኖች ዙር ሳናልፍ መቅረታችንም አብሮ ይጻፍ።

እዚህ ላይ ከወገን ጋር የሚያገናኘንን አንድ ነገር ላንሣ። በዲሴምበር 2014 እዚያው ጋላታሳራይ ሜዳ፣ ኢስታንቡል ላይ አርሰናል 4 ለ 1 ባሸነፈበት ምሽት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም ተቀይሮ ገብቷል። የአርሰናል ቆይታው አጭር ቢሆንም፣ የዚያን ምሽት ደስታችን በአንድ ተጫዋች የጨዋታ ብዛት የሚለካ አልነበረም፤ ስሙም በመጽሔቱ ውስጥ እንዲገባ ኮሚቴው ያለ ልዩነት ተስማምቷል።

በኤፕሪል 2025 ዴክላን ራይስ በሁለት ቅጣት ምት፣ ሜሪኖ ደግሞ ባገባት ሦስተኛ ግብ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 0 ካሸነፉ በኋላ በርናቤው ላይም 2 ለ 1 ደገሙት። ከ2006 እስከ 2025 ከማድሪድ ጋር በአውሮፓ ውድድር አራት ጊዜ ተገናኝተን ሦስቱን አሸንፈን አንዱን ያለ ግብ ስንለያይ፣ የገባብን አንድ ግብ ብቻ ነው። በግማሽ ፍጻሜው ፓሪስ ሴንት ዠርመን በሁለቱም ጨዋታ አሸንፎን ዋንጫውንም እርሱ ወሰደው።

ወደ ሽፋኑ ልመለስ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ብሆንም ድምፄ አንድ ነው፤ የምሰጠውም «ሁለት» ለሚለው ነው። ከቍጥሩ ሥር «ፌርስ ካፕ 1970፣ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ 1994» ተብሎ በስማቸው ከተጻፉ ማንም አታለላችሁን ሊለን አይችልም። ከዚያ በታች እስከ 2025 የተጫወትናቸው የሰባቱም ፍጻሜዎች ውጤት፣ የተሸነፍንባቸው አምስቱ ጭምር፣ በተመሳሳይ የፊደል መጠን እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። «አንድ» የሚሉት አባላት መልስ ለመስጠት ዐሥር ደቂቃ ተይዞላቸዋል፤ ከዚያም ከሻይ ዕረፍት በፊት እጅ በማውጣት እንወስናለን። ጉባኤው ተከፍቷል።