ከቦሌ እስከ ማሳይ ማራ፦ ስለ ሳፋሪ ጉዞ ለደወላችሁ አድማጮች

ቅዳሜ ረፋድ ስለ ዱር እንስሳት ጉብኝት ባደረግነው የቀጥታ ውይይት ስልኩ አላረፈም። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮና ከስታዲየም አካባቢ ደውላችኋል፤ አብዛኞቻችሁም ኬንያን ወይም ታንዛኒያን አስባችኋል። የአየር ሰዓቱ ስላልበቃን በጥድፊያ ያለፍኳቸውንም ጨምሬ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ እኔና ባለቤቴ የኬንያውን ማሳይ ማራ ፓርክ ማየት እንፈልጋለን። የናይሮቢ ትኬት በየትኛው ቀን ብንገዛ ይረክስልናል? ማክሰኞ ሌሊት ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የማክሰኞ ሌሊቱን ወሬ ተወው። አየር መንገዶች የአንዱን በረራ መቀመጫ በተለያየ ዋጋ ከፋፍለው ነው የሚሸጡት፤ ርካሹ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው የምትበርበት ቀንና ምን ያህል ቀድመህ እንደገዛህ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ ሄዶ በሳምንቱ አጋማሽ መመለስ ዓርብ ወጥቶ እሑድ ከመመለስ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ገናንና ጥምቀትን የተጠጋ ሰሞን ደግሞ ይወደዳል። ርካሹ ትኬት ቀን ለመቀየር ቅጣት እንዳለውም ሳትከፍል በፊት አንብብ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ትኬቱን አስቀድሞ ይገዛና ፓርኩን በኋላ ያስባል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ይህ መገልበጥ አለበት። ናይሮቢ ከቦሌ ሁለት ሰዓት ገደማ ናት፤ ገንዘቡን የሚበላው በረራው ሳይሆን ፓርኩ ውስጥ የምታድርበት ቀን ነው። ማሳይ ማራ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ታሪፍ ከውጭ ለሚመጣ አዋቂ ጎብኚ የቀን መግቢያው ከጥር እስከ ሰኔ መጨረሻ 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር ነው። እነዚህ ወራት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ለውጡ የሚመጣው በእኛ ሰኔ 24 ነው። ለሁለታችሁ የሦስት ቀን መግቢያ በአንዱ ወቅት 600፣ በሌላው 1,200 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ትኬት በማሳደድ ብቻ ይህን ያህል ልታተርፍ አትችልም።

የእኔ ምክር ከሰኔ 1 እስከ 23 ባለው ጊዜ ሂዱ ነው። የኬንያ ረጅሙ ዝናብ አልፎ መንገዱ መድረቅ ይጀምራል፤ አንበሳው፣ ዝሆኑ፣ ጎሹና ቀጭኔው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። የምታጡት ዊልደቢስት የሚባሉት ቀንዳም ሣር በል እንስሳት በመንጋ የሚያደርጉትን ፍልሰት ነው። ያ መንጋ ማራ ወንዝን የሚሻገረው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ «እሱን ካላየሁ ምኑን ሄድኩት» ካላችሁ እጥፉን ለመክፈል ወስናችሁ ሂዱ። አያስቆጭም።

ወሩን ከወሰናችሁ በኋላ ከናይሮቢ የሚነሱ የቡድን ጉዞዎችን ጠይቁ። ሚኒባሱንና ሹፌሩን ከሌሎች ጋር ስለምትካፈሉ ለብቻ ከመከራየት እጅግ ይቀንሳል። ዋጋ ሲነግሯችሁ የፓርኩ መግቢያ በውስጡ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ትኬቱን የምትቆርጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከእኛ አየር መንገድ ከሆነ በመተግበሪያው በቴሌብር መክፈል ይቻላል።

ሰዓቱንም በጥንቃቄ አንብቡ። ትኬት ላይ ሐሙስ 00:30 ከተባለ በረራችሁ ለሐሙስ አጥቢያ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ቦሌ መድረስ ያለባችሁ ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ 67 ዓመቴ ነው። ልጄ ልውሰድህ ብሎኛል። ክትባትና ቪዛ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ለያዘ ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። ታንዛኒያ ግን ትጠይቃለች፤ ማመልከቻውም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ቪዛው እጅዎ ሳይገባ የማይመለስ ትኬት እንዳይገዙ። ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ይሁን።

ክትባቱ ሊታለፍ አይገባም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ ኬንያም ታንዛኒያም ከዚህ የሚሄደውን ሰው የክትባቱ ማረጋገጫ የሆነውን ቢጫ ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከዚህ በፊት ተከትበው ካርዱ ካለዎት ይኸው ይበቃል። ካልተከተቡ ግን ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ክትባት የሐኪም ምክር ስለሚፈልግ፣ ወደ ክትባት ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ያን ዕለት ስለ ወባም ይጠይቁ። እኛ አዲስ አበቤዎች ወባ በሌለበት ደጋ ስለምንኖር ሰውነታችን አያውቃትም፤ መከላከያ ኪኒን ይታዘዝልዎት እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የዘወትር መድኃኒትዎን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አያስቀምጡ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ሐምሌ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ኬንያ እንሄዳለን። ምን እንያዝ? ስንት ሻንጣስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከምታስቢው ግማሹን ያዢ። ከናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ፓርኮቹ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች በሰው የሚፈቅዱት ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፣ የእጁም ተቆጥሮ። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣም አይወዱም፤ የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። በመኪና ብትሄዱም ከመቀመጫ ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ምክሬ ያው ነው።

ለልብሱ ብላችሁ ውድ ሱቅ አትግቡ። ሰልባጅ ተራ ወርዳችሁ ካኪ፣ ቡኒ ወይም የአፈር መልክ ያለው ሱሪና እጅጌ ረጅም ሸሚዝ ምረጡ። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈውን ጸጸ ዝንብ ይስባል። የወታደር ዥጉርጉር ልብስ ደግሞ ለልጆችም ቢሆን እንዳትይዙ፤ ዩጋንዳንና ዛምቢያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ሲቪል እንዲለብሰው አይፈቀድም። እጅጌ ረጅሙ ሸሚዝ ማታ ማታ ከወባ ትንኝ ይጠብቃችኋል።

ብርዱን አትናቁት። ኬንያ ሲባል ሙቀት ብቻ ይመስለናል፤ ማራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፣ እንስሳቱ የሚታዩትም ፀሐይ ስትወጣ ነው። ጣሪያው በተከፈተ መኪና ላይ ሐምሌ ጠዋት ያንቀጠቅጣል። ለእያንዳንዳችሁ ወፍራም ሹራብ ወይም ጃኬት፣ ለአቧራውም ሻርፕ ያዙ። ለልጆቹ ስስ ጋቢ ብትጨምሪ ደስ ይለኛል፤ ከመኪና ሳይወርዱ ሦስትና አራት ሰዓት ሲቀመጡ ይሞቃቸዋል፣ እንቅልፍም ቢወስዳቸው ይለብሱታል።

ፌስታል! ይህን ደጋግሜ የምናገረው እኛ ጫማውንም ምግቡንም በፌስታል ቋጥረን ስለምንሄድ ነው። ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በኬንያ ፓርኮች ውስጥ ከ2020 ወዲህ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስም አይገባም። የጨርቅ ከረጢትና ተደጋግሞ የሚሞላ ኮዳ ያዙ።

የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ የእኛ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ቻርጀር አይገባበትም፤ ማገናኛውን ከዚሁ ግዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄደው። ድሮን እቤት ይቅር። አቅርቦ ማሳያ መነጽርም ያለ ፈቃድ ወደ አገራችን ሲገባ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሳ፣ እዚያው ከአስጎብኚው ተዋሱ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ጉዟችን ፍልሰታ ውስጥ ገባብን። የጾም ምግብ እናገኛለን ወይስ ቀኑን እንቀይር?

መልስ፦ አትቀይሩ። ነሐሴ የመጀመሪያው አጋማሽ ፍልሰቱ ማራ ላይ የሚታይበት ጊዜ ነው። የኬንያ የዘወትር ገበታም ለጾመኛ የሚሆን ነገር አያጣም፤ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አለ፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን አለ፣ ቦሎቄና ምስር አለ። ችግሩ «ሥጋ አልበላም» ስትሏቸው ዕንቁላልና ቅቤ ማምጣታቸው ነው። ስትመዘግቡ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አንዱም እንዳይገባበት ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ቆሎና በሶ ያዙ፤ በማለዳው ጉዞ ላይ ይጠቅማችኋል። ጾሙ ሲፈታ የምትበሉት ቋንጣ ለመያዝ የምታስቡ ግን ተዉት፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ድንበር ላይ ሊወረስ ይችላል።

ጥያቄ (ከለገሀር)፦ በሞያሌ በመኪና ብንሄድስ አይረክስም?

መልስ፦ አስፋልት ነው፣ ይቻላል። ሞያሌ ብቻ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ናይሮቢ እንደገና ያን ያህል ይቀራል። የመንገድ ላይ አዳሩንና ምግቡን፣ ከፈቃዳችሁ የሚቀነሰውንም ቀን ስትደምሩት ልዩነቱ ይጠባል። መንገዱን ራሱን ማየት ለሚወድ እንጂ ገንዘብ ለመቆጠብ አልመክረውም።

ጥያቄ (ከስታዲየም)፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ዶላርም ፓስፖርትም የለንም። ለእኛስ?

መልስ፦ ልጆቼ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ቀንዱ እንደ ጦር የቀናውን ሳላ ታያላችሁ፤ ቁጥቋጦው ውስጥ አምበራይሌ የሚባለው ትንሹ አጋዘን፣ ፏፏቴው ሥር አዞ አለ። አሥር አሥራ አንድ ሆናችሁ ሃይሩፍ በኮንትራት ያዙና ነዳጁን ተካፈሉ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እዚያው ባለው በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ስለነበር፣ ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩን ደውላችሁ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ጠይቁ።

ትንሽ ጨመር ማድረግ ከቻላችሁ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሂዱ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኑን በእግራችሁ እየሄዳችሁ ታዩታላችሁ፤ ሳነቴ የተባለው አምባ ላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይውላል። ይህን ለማየት ፈረንጆች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርረው ይመጣሉ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ኮፍያ፣ ጓንትና ሁለት ካልሲ ያዙ። በር ላይ የመግቢያውን ስትከፍሉ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ እንዲመድቡላችሁ ጠይቁ። ቀበሮዎቹ በየትኛው ጉድጓድ እንዳሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና የሚገባቸውን አበል አስቀድማችሁ በበጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።